“ከጾምሽ ድነሻል” ያሉኝ ረመዳን

የበደለችኝ የሟች ባለቤቴ እህት ዘሃራ ናት። የበደለችኝም ካቻምና፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በገዛ ቤቴ ምንጣፌ ላይ ተቀምጣ እኔ የቀዳሁላትን ሻይ እየጠጣች ነው። ስሟን የጻፍኩት አምልጦኝ አይደለም።

ከሷ በፊት የበደለኝ ሌላ ሰው አለ፤ ሳቢያን ሰፈር ያለ የአንድ ክሊኒክ ሐኪም። የሱን ስም አላውቀውም፤ እሱም የኔን ለማወቅ አልሞከረም። በተራው እመጣበታለሁ።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። ስልሳን አልፌያለሁ፤ የሰው ሐዘኔታ የት እንደሚያደርስ አይቼዋለሁ። የምጽፈው የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ ለምትቀመጥ ሴት ነው። እኔም እንደዚያ ሆኜ ተቀምጫለሁ።

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። አንድ መደብ፣ ከላዩ የተወጠረ ሸራ፣ አንድ ሚዛን፣ በቃ ይሄው ነው። ባለቤቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራ በነበረ ጊዜ የተቀመጥኩባት ቦታ ናት፤ እሱ ሞቶም አልተነሳሁም። ልጅ አልወለድኩም። ሰው “የማን እናት ናት?” ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት የለም፤ “ባለቅመሟ ሩቂያ” ካለ ግን ድሬ ውስጥ የሰርግ ሩዝ የሠራች ሴት ሁሉ መንገዱን ታሳየዋለች። ያቺ መደብ ከእጄ ብትወጣ ከኔ ምን እንደሚቀር አላውቅም ነበር። ዘሃራም ይህን ታውቅ ነበር።

ሕመሙ ሲጀምረኝ ልቤ ነው ያልኩት። አንድ ጠዋት ለደንበኛ ሄል እየመዘንኩ ሳለ ልቤ በድንገት መሮጥ ጀመረ። እጄን ላብ አጠመቀው፤ በዙሪያዬ የቆመው ሰው ሁሉ አየሩን የጨረሰብኝ መሰለኝ። ሙቀቱ ነው ብዬ ውሃ ጠጣሁ። እኛ ድሬዎች ምክንያቱን ያጣነውን ነገር ሁሉ በሙቀቱ እናሳብባለን። በሌላ ቀን ደገመኝ፤ ከዚያ በየጊዜው ይመጣብኝ ጀመር። ገበያ ለመሄድ ጫማዬን አድርጌ መልሼ አወልቀው ጀመር።

ቀጥሎ እንቅልፌ ሄደ። ንጋት ላይ ነቅቼ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ፣ የምፈራውን ነገር ፈልጌ አጣለሁ፤ ፍርሃቱ ግን አለ። ምግብ ጠላሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ መመለስ ድንጋይ እንደ ማንሳት ይከብደኝ ነበር። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ቅመሙ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ የምለየውን ከሙንና ጥቁር አዝሙድ አፍንጫዬ ስር አድርጌ ምንም አልሸተተኝም።

ሳቢያን ያለው ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ወሰዱና ሐኪሙ፣ “ታይፎይድ ነው” አለኝ። የሰጠኝን ውጬ ጨረስኩና ተመለስኩ። “ታይፎይዱ ጨጓራሽን ነክቶታል” አለኝ። የጨጓራውንም ጨረስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ድፍረት አግኝቼ፣ “ልጄ፣ እንቅልፍ የለኝም፤ መኖርም አስጠልቶኛል” አልኩት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ስልኩን እየነካካ፣ “ውሃ በብዛት ጠጪ፤ ዕድሜም ነው” አለኝ። የነበረኝን ገንዘብ እዚያ ጨረስኩ፤ ገንዘቡን ይቅር ልለው እችላለሁ። ያን ቃል አውጥቼ ስናገር ስልኩን ማየቱን ግን ይቅር አልለውም።

በዚህ መሀል ነው ዘሃራ የመጣችው። አይታኝ፣ “ጂን ነው። ቤትሽ ውስጥ ብቻሽን ስለምታመሺ ነው” አለች። ልጇን ሙክታርን መደቤ ላይ አስቀመጠችው። “እስኪሻልሽ ብቻ ነው” አለች። የቤቴን ትርፍ ቁልፍም ወሰደች፤ “ብትወድቂ በሩን ማን ይከፍትልሻል?” ብላ። ለሁሉም ነገር ደግ ምክንያት ነበራት።

ሰፈራችን መስጊድ ያሉትን ሼህ ዩሱፍን እሷ ራሷ ጠርታ አመጣች። ሼሁ ቁርኣን ቀሩልኝ። ሲጨርሱ ዘሃራን ውሃ አምጪ ብለው ወደ ጓዳ ላኩና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ፤

“አዴ ሩቂያ፣ ሐኪም ቤት ሄደሻል?”

“ሄጃለሁ። ታይፎይድ አሉኝ።”

“እንቅልፍሽን ጠየቁሽ? ሐሳብሽን?”

“ማን ይጠይቀኛል።”

“እኔ ሁልጊዜም ቁርኣን እቀራልሻለሁ። ሐኪም ጋ ግን እኔ ልሄድልሽ አልችልም። ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። የወንድሜ ልጅ እዚያ ታክሞ አሁን ሥራ ይዟል።”

“የእብድ ክፍል ልሂድ ነው የሚሉኝ?”

“የታመመ ሰው ክፍል ነው። ሂጂ።”

ለመሄድ ወር ያህል ፈጀብኝ። ሄጄም ወረፋ መጠበቂያው ላይ ሻሼን ስቤ ከጥጉ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ሳልጠይቀው፣ “እኔ ወንድሜን ላሳክም ነው የመጣሁት” አለኝ። “ወንድምህ የታለ?” አልኩት። “አልመጣም” አለ። ወዲያው ስም ሲጠራ ተነስቶ ገባ። በሌላ ጎኔ ያለች ወፍራም ሴት ወደኔ ዞራ፣ “አንቺስ ለማን ነው?” ስትለኝ፣ “ለጎረቤቴ ካርድ ላወጣ” አልኳት።

“አቦ፣ እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ለጎረቤቱ ነው የመጣው” አለች። “ጎረቤቶቻችን አልቀዋል ማለት ነው!”

ሳቅኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሆዴ የሳቅኩት ያኔ ነው። ያቺን ሴት ሁለተኛ አላየኋትም፤ ዱዓ ሳደርግ ግን አረሳትም።

ሐኪሟ ሴት ናት። እስክጨርስ ድረስ ሰማችኝ፤ ስልኳ ሲጮህ አጠፋችው። ያለብኝ ድብርትና ከባድ ጭንቀት እንደሆነ፣ ልብ እንደሚታመመው ሁሉ አእምሮም ሊታመም እንደሚችል፣ የኔ ስንፍና እንዳልሆነ ነገረችኝ። መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ በቀን አንድ ክኒን። ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ መጀመሪያ ላይ አፍ እንደሚያደርቅና እንደሚያቅለሸልሽ፣ ደስ ሲለኝም ሆነ ሲከፋኝ በራሴ ጊዜ እንዳላቆመው አስጠነቀቀችኝ። በየሳምንቱ ደግሞ ኬኔሳ የሚባል ባለሙያ ጋ ለንግግር ሕክምና ቀጠሮ ሰጠችኝ።

“ክኒኑ ካለ ወሬው ለምንድነው?” አልኳት።

“ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሲወስድ መጀመሪያ የሚደረገው ሰውየውን ማውጣት ነው” አለችኝ። “ቤቱን ዳግመኛ የት እንደሚሠራ ግን ከወጣ በኋላ ቁጭ ብሎ መነጋገር አለበት። ክኒኑ ያወጣሻል። ሌላውን ከኬኔሳ ጋ ትሠሪዋለሽ።”

ኬኔሳ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ቀጭን፣ ፀጉሩን አሳጥሮ የተቆረጠ ወጣት ነው። “እርስዎ” ብሎ ጀመረኝ። ድሬ ውስጥ “እርስዎ” የሚለኝ ሰው ወይ ሊሸጥልኝ ወይ ሊከሰኝ ነው። “አንቺ በለኝ” አልኩት፤ ሌላ ነገር ግን አልነገርኩትም። ለማላውቀው ልጅ ጉዴን ልዘረግፍ? ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ ተቀምጬ ወጣሁ። አልተቆጣም። “ሰዓቱ ያንቺ ነው፤ ዝምታም ይቻላል” አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ተናደድኩበትና ተናገርኩ። ስለ ባለቤቴ፣ ስላልወለድኳቸው ልጆች፣ ሰርግ በተጠራን ቁጥር አማቴ፣ የዘሃራ እናት፣ ስለምትለኝ ነገር። የተናገርኩትን በሙሉ እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ሥራ ሰጠኝ። ቀፊራ ገበያ በር ድረስ በባጃጅ ሄጄ እንድቆም፣ ልቤ መሮጥ ሲጀምር እንዳልሸሽ፣ ፍርሃቱ ወጥቶ ወጥቶ በራሱ እስኪወርድ እዚያው እንድጠብቀው። “ከሸሸሽው በሚቀጥለው ጊዜ አድጎ ይጠብቅሻል” አለኝ። ቆምኩ። ሞቼ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ወረደ። በማግስቱ እንደገና ሄድኩ። በየቀኑ የሚያደርሰኝ ባለባጃጅ ግራ ገብቶት፣

“አዴ፣ ገበያ ነው ወይስ በር ጠባቂ ተቀጠርሽ?” አለኝ።

“ዝም ብለህ ንዳ ወሪያ” አልኩት።

በሩ ሲለምደኝ እስከ ሽንኩርት ተራ፣ ከዚያ እስከ እህል ተራ። ክኒኑም ሥራውን ጀመረ። አንድ ቀን እህል ተራውን አልፌ ስሄድ የሆነ ሰው ከሙን እየቆላ ነበርና ሽታው መጣብኝ። መሀል መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሰው ገፍቶኝ አለፈ፤ ግድ አልሰጠኝም። በሳምንቱ መደቤ ላይ ተመለስኩ፤ ግማሽ ቀን እኔ፣ ግማሽ ቀን ሙክታር።

ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ረመዳን ሲቃረብ ዘሃራ ሦስት የሰፈር ሴቶች ይዛ መጣች። እነሱ ባሉበት፣ ሻይዋን አስቀምጣ ጠየቀችኝ፤

“ሩቂያ፣ ዘንድሮ ትጾሚያለሽ?”

“ኢንሻአላህ እጾማለሁ።”

ጉዳዩን ከሐኪሟ ጋ ተነጋግሬበት ነበር። ክኒኑ በቀን አንድ ነው፤ ማታ ካፈጠርኩ በኋላ እወስደዋለሁ፤ ጾሜን አይነካም።

ዘሃራ እጆቿን አንስታ፣ “አልሐምዱሊላህ! ድነሻላ!” አለች። ወደ ሴቶቹ ዞረች። “የታመመ አይጾምም። ከጾመች ድናለች። አይደለም እንዴ?”

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“የዳንኩት እኮ መድኃኒቱን ስለምወስድ ነው” አልኳት።

“እንግዲያው ታማሚ ነሽ፤ አትጹሚ። ሰው ሲጠይቀን ሩቂያ የእብድ ክኒን ስለምትውጥ አትጾምም እንላለን። ወይ ጾሚ፣ ወይ ዋጪ። አንዱን ምረጪ!”

እንግዲህ ሰፈራችንን የማያውቅ ይህን ላይረዳው ይችላል። በኛ ሰፈር የማን ማድቤት በቀን እንደሚጨስ፣ ማን ከምሽቱ ሶላት እንደቀረች፣ ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ይጠይቃል። “ካፈጠርኩ በኋላ ነው የምወስደው” የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ሦስቱ ሴቶች ትክ ብለው አዩኝ፤ ቃሉን ውጬ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ዘሃራ ተነሳች። መድኃኒቱን ከመደርደሪያው ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው። “ከዚህ ነገር ተገላገልሽ” ብላ ሳመችኝና ሄደች። ቁልፉም እጇ ላይ ነው። ሌላ መድኃኒት ባመጣ ገብታ እንደምታገኘው አውቅ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ነበርኩ። እውነትም ድኛለሁ ብዬ ቀጠሮዬንም ተውኩት። ቀጥሎ ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ሰው ብልጭ የሚል ነገር መጣ፤ ራሴን አዞረኝ፤ የሰው ድምፅ አንገፈገፈኝ። ያኔ አላወቅኩትም እንጂ እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ ነገር ነው። ከዚያ የድሮው ፍርሃት ተመለሰ፤ ድብርቱም ተከተለው። “ጾም ነው፤ ያልፋል” አሉኝ።

ለዒድ ገበያው በጣም የሚደራበት ሰሞን፣ መደቤን ሴቶች ከበውት ሳለ፣ ልቤ ሮጠ። ኬኔሳ እንዳስተማረኝ ልጠብቀው ሞከርኩ። አልቻልኩም። ሚዛኑን ጥዬ ተነሳሁ። ሙክታር ከኋላዬ ሲጣራ ይሰማኛል። እግሬ ደቻቱ ድልድይ ላይ አደረሰኝ። እዚያ ቆሜ ወደ ታች እያየሁ ምን እንዳሰብኩ ለኬኔሳ ነግሬዋለሁ፤ ለወረቀት አልነግረውም።

የግመል ወተት ሸጣ የምትመለስ አንዲት ሱማሌ ሴት አየችኝ። “ኤዶ” አለችኝ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። “ኤዶ፣ ፀሐዩ ይጥልሻል። ነይ ወደ ጥላው።” እጄን ያዘች። ምንም አልጠየቀችኝም። ባዶ የወተት ዕቃዎቿ መሀል አስቀመጠችኝና እጄን ሳትለቅ ቆየች። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ “ሆስፒታል መሄድ እፈልጋለሁ” አልኳት። ባጃጅ አስቁማ አብራኝ ተሳፈረች።

ሐኪሟ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። መድኃኒቱን በትንሹ አስጀመረችኝ፤ ብቻዬን እንዳልሆን ጎረቤት አብራኝ እንድታድር አደረገች፤ በየሁለት ቀኑ እንድመጣ ነገረችኝ። “የተማርሽውን ሁሉ ድልድዩ ላይ አልጣልሽውም” አለኝ ኬኔሳ፤ “ወደዚህ ሂጂ ብሎ ያዘዘሽ የለም፤ መሄድ እፈልጋለሁ ያልሽው ራስሽ ነሽ።”

ዒድ አለፈ። ሙክታር ቤቴ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ አልገባም።

“አዴ፣ እማዬ ሽማግሌ ጠርታለች” አለ መሬት መሬቱን እያየ። “መደቡ ለኔ እንዲሰጥ ነው። አንቺን ደግሞ ገጠር አንድ ሰውዬ ጋ ሊወስዱሽ ነው። እዚያ በሽተኛውን... ያስሩታል ይላሉ።”

“አንተስ ምን ትላለህ?”

“እኔ ምን እላለሁ። እናቴ ናት።”

በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ኬኔሳን፣ “ልሸሽ ነው” አልኩት። “ወዴት?” አለኝ። “እኔ እንጃ” አልኩት። “እንግዲያው እንለማመድ” አለ። “እኔ ዘሃራን ልሁን። ምን ትላለች?”

“‘ሩቂያ ራሷን አታውቅም’ ትላለች።”

በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ “ሩቂያ ራሷን አታውቅም” አለ።

“አቦ ተወኝ፤ ይቺ ዘሃራ አይደለችም! ተነስ። እጅህን ወገብህ ላይ አድርግ። መጀመሪያ ‘ወላሂ’ በል፣ ከዚያ ለሰው ሁሉ ዞር ዞር እያልክ ተናገር።”

ተነሳ፤ ወገቡን ያዘ። “ወላሂ፣ ሩቂያ ራሷን አታውቅም!” ብሎ ለመስኮቱም ለወንበሩም ዞር ዞር አለላቸው። እስኪያመኝ ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደ፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ መልስ ሰጠሁት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። “እንደገና” አለኝ። እንደገና መለስኩለት። ድምፄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ዘሃራ ሆኖ ሰደበኝ።

ስብሰባው ዘሃራ ቤት ነበር። ሼህ ዩሱፍና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ዘሃራ እንዳልኩት በ“ወላሂ” ጀመረች። ስትጨርስ እንዲህ አልኩ፤

“ታምሜያለሁ። ሕመሜ ድብርት ይባላል። ሐኪም አለኝ፣ መድኃኒት አለኝ፣ ማታ ማታ እወስዳለሁ። በረመዳን የጠፋው አእምሮዬ አይደለም፤ መድኃኒቴ ነው። መደቤን ለማንም አልሰጥም፤ የትም አልሄድም።”

ይህን ተለማምጄዋለሁ። ዘሃራ ቀጥላ ያለችውን ግን አልተለማመድኩትም።

“ለወንድሜ አንድ ልጅ እንኳ ሳትሰጠው አፈር ገባ። አሁን ደግሞ ለልጄ መደብ ትከለክላለች!”

ልቤ ሮጠ። ክፍሉ ጠበበኝ። በሩ ቅርቤ ነበር። አልተነሳሁም። ወጥቶ እስኪወርድ ጠበቅኩት። ሁሉም እኔን እየጠበቁ ነበር። ሲወርድልኝ፣

“ስለ ልጅ ልነጋገር አልመጣሁም” አልኩ። “መድኃኒቴን የት አደረግሽው?”

“ደቻቱ ጣልኩት! ለደግ ነው። ጾማለች፣ ድናለች!”

ሼህ ዩሱፍ ቀና አሉ። “ጣልሽው? ማን ፈቀደልሽ?”

“እሷ ራሷ እጾማለሁ አለች!”

“ማታ የሚዋጥ ክኒን ከጾም ጋር ምን አጣላው? ደግሞስ ጾም የሰው ሕመም መመርመሪያ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?” አሉ ሼሁ። አንደኛው ሽማግሌ ለማስታረቅ ያህል፣ “እንግዲህ ልጁም ከጎኗ ይቀመጥና...” ሲሉ፣ “አይሆንም” አልኩ። ሰው “አይሆንም” ሲል ብዙ ማስረዳት እንደሌለበትም የተማርኩት ኬኔሳ ክፍል ነው። መደቡ የኔ እንደሆነ ተናግረው ዱዓ አደረጉና ተነሱ።

አሁንም መድኃኒቱን እወስዳለሁ። መቼ እንደሚቀነስ የምትወስነው ሐኪሟ ናት። ኬኔሳ ጋ በወር አንዴ እሄዳለሁ። ክፉ ቀን አሁንም ይመጣል፤ ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ድሮ ግን አላውቀውም ነበር። ሻሽሽን ስበሽ የተቀመጥሽው እህቴ፣ ላንቺ የምለው ይህን ነው፦ ክኒኑ ብቻውን ወደ ገበያው በር አይወስድሽም፤ ንግግሩም ብቻውን እኔን ከነበርኩበት አያወጣኝም ነበር። ከሰፈር የመጣ ማንም ሰው ደግሞ “ድነሻል” ብሎ መድኃኒትሽን አይቀበልሽ። ዘመድ ቢሆን እንኳ። ዘመድ ከሆነ ይልቁንም።

ከስብሰባው ማግስት ሙክታር ሳይመጣ ቀድሜ መደቤ ላይ ተቀመጥኩ። ሲመጣ የኋላ ሂሳቡን አልጠየቅኩትም፤ ተቀመጥም አላልኩትም። ዘሃራ ቁልፌን በሙክታር ላከችልኝ። የበሩን ቁልፍ ግን ከሆስፒታል የተመለስኩ ቀን አስቀይሬው ነበር።

ከወራት በኋላ ዘሃራ ራሷ መደቤ ድረስ መጣች። ከስታለች። ሰው እስኪሄድ ጠብቃ፣ እንቅልፍ እንደሌላት፣ ልቧ እንደሚሮጥ ነገረችኝ። ከክኒኔ አንድ ሁለት እንድሰጣት ጠየቀችኝ። የሰው መድኃኒት እንደማይወሰድ ነገርኳት። የሆስፒታሉን ክፍል የት እንደሆነ፣ ጠዋት በጊዜ መድረስ እንዳለባት ነገርኳት። አብረሽኝ ሂጂ አለችኝ።

አልሄድኩም።